የላላ መደርደሪያ

አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ይሰቅሉ ነበር። የዛሬው ርካሽ የቺፕውድ መደርደሪያ ግን ጣውላውን የሚያሳርፈው በትንንሽ ድጋፎች ላይ ነው። ድጋፉ ሲላላ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቀዳዳው ነው፤ ቺፕውድ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ስብርባሪ ነውና፥ ክብደት ሲበዛበት ቀዳዳው ይሰፋል። ቸል ቢሉት ጣውላው በሕፃን ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ መጻሕፍቱን አውርዱ። ስንጥር በእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳውን ሙሉት፤ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጣችሁ በድጋፉ ልክ እንደ ገና ብሱት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና ብርዷ ይበረታል፤ ኮላም በብርድ ቶሎ አይጠነክርም። ሥራውን ፀሓይ ሲሞቅ ጀምራችሁ 24 ሰዓት ታገሡ። ከባድ መጻሕፍትንም ከታች አኑሩ። የተቸኮለበት ጥገና መልሶ ይላላልና።