«መምራት» እና «መወከል» በድር አገልጋይ ሙያ

ሁለቱ ተግባራት «ማስተላለፍ» በሚል አንድ ቃል ቢተረጐሙ አንባቢው ይሳሳታል። በመምራት ጊዜ አገልጋዩ በ301 ለዘለቄታው፣ በ302 ለጊዜው ሌላ አድራሻ ይሰጣል፤ ወደዚያ የሚሄደው ጠያቂው ራሱ ነው። በውክልና ግን ከፊት ያለው አገልጋይ ከኋላ ያለውን ጠይቆ መልሱን ያቀርባል። ይህ ወኪል የሚቆመው ለጠያቂው ሳይሆን ለአገልጋዩ ስለ ሆነ «የተገላቢጦሽ ወኪል» ከማለት «የአገልጋይ ወኪል» ማለትን እንመርጣለን።

ጉዳዩ ከቃል ምርጫ ያልፋል። የኋለኛው አገልጋይ በ302 የውስጥ አድራሻውን ሲመልስ ወኪሉ ሳያርም ካሳለፈው፣ ጠያቂው ሊደርስበት ወደማይችል ስፍራ ይመራል። እርማቱ፣ ለምሳሌ በኤንጂንኤክስ ላይ፣ በሉአ ቋንቋ በተጻፈ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል፤ የትርጉም መመሪያው ሁለቱን ካልለየ ግን ባለሙያው የትኛውን እንደሚያርም አያውቅም።