ደጋፊ እያለ ክለብ ለምን ይፈርሳል?

ሐረር ከኤረር በር እስከ ሸዋ በር የእግር ኳስ ወዳጅ አላጣችም። በቢራ ፋብሪካው ስም የተቋቋመው ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር፤ ዛሬ ግን ከተማዋ በሊጉ ተወካይ የላትም።

በኢትዮጵያ የአብዛኞቹ ክለቦች ደመወዝ የሚሸፈነው ከስታዲየም መግቢያ ሳይሆን ከድርጅት ወይም ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀት መዳቢው ሐሳቡን ሲለውጥ የደጋፊ ጭብጨባ ጉድለቱን አይሞላም። የመንግሥት የነበረው የሐረር ቢራ ፋብሪካ በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ተሽጧል፤ ባለቤት ሲለወጥ በፋብሪካ ላይ የተንጠለጠለ ክለብ ዕጣም ለጥያቄ ይጋለጣል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ቡድኑ ከሊጉ ሲወርድ አፈረሰው፤ ባንኩ ግን አልከሰረም። እንደገና የተቋቋመው ቡድን በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን አንሥቷል። የፈረሰውም የተመለሰውም በባለቤቱ ውሳኔ ነው።

ደጋፊው በአባልነት መዋጮ ባለድርሻ እስካልሆነ ድረስ የሚወደው ክለብ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል።