የሃሊፋክሱ አውሮፕላንና ሳይጫን የቀረው ሎብስተር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2018 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ አንድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን በምሥራቅ ካናዳ፣ በሃሊፋክስ አውሮፕላን ማረፊያ መሬት ነካ፤ ማኮብኮቢያው ላይ ግን መቆም አልቻለም። ጫፉን 270 ሜትር አልፎ ሲቆም ዳግም የማይበር ሆኖ ነበር። ከተሳፈሩት አራት ሰዎች ሦስቱ ቀላል ጉዳት ደርሶባቸዋል።

የአሜሪካው ስካይ ሊዝ ካርጎ ኩባንያ አውሮፕላን ከቺካጎ የመጣው ባዶውን ነው። ከሃሊፋክስ ነፍስ ያለው ሎብስተር ጭኖ ወደ ቻንግሻ፣ ቻይና ሊሄድ ታቅዶለት ነበር።

ይህ ባለ ትልቅ ጥፍር የባሕር እንስሳ በዚያ ዓመት ገበያው ደርቶለት ነበር። ቻይና በጁላይ 2018 በአሜሪካ ሎብስተር ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ስትጥል ገዢዎቿ ፊታቸውን ወደ ካናዳ አዞሩ። የአሜሪካዋ ሜይንና የካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ አስጋሪዎች የሚይዙት አንድ ዓይነት ሎብስተር ነው፤ በዋጋ የለያየው ድንበሩና ቀረጡ ነው። ሸቀጡ ግን እንደ ቡና መጋዘን አስገብተው ዋጋ የሚጠብቁለት አይደለም። በገንዳ ውኃ ውስጥ ሊቆይ ቢችልም፣ አንዴ ለጉዞ ከታሸገ በኋላ በሕይወት መድረስ አለበት። የአበባ ላኪዎቻችን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልጉም።

አደጋውን የመረመረው የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሪፖርቱን በ2021 አውጥቷል። ለነጋዴ ትኩረት የሚስበው ከነፋሱና ከዝናቡ ይልቅ አንድ ወረቀት ነው። ሃሊፋክስ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ አንደኛው 3,200 ሜትር፣ ሌላኛው 2,347 ሜትር። አብራሪዎቹና የበረራ መሪዎቻቸው ረጅሙ በዚያ ሌሊት እንደማይሠራ ተረድተው አጭሩን መረጡ። ወደዚህ ግንዛቤ የመራቸው ኖታም የሚባለው የበረራ ማስታወቂያ አቀራረቡና ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ መሆኑ ነው። በተሳሳተ ንባብ ብቻ ከ850 ሜትር በላይ ማረፊያ ጠፋ።

የቀረው በፍጥነት ተከታተለ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ሊያርፉ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሲቀራቸው ነፋሱ ከኋላ እየገፋቸው መሆኑን አወቁ፤ የማረፊያውን ርቀት እንደገና አላሰሉም። አውሮፕላኑ መሬት እንደነካ የአንደኛው ሞተር የኃይል ዘንግ ሳይታሰብ ወደ ፊት ተገፋ። በዚህ የተነሳ የክንፉ ፍጥነት መግቻዎች ተመልሰው ታጠፉ፣ አውቶማቲክ ፍሬኑም ተለቀቀ። ፍሬኑ በሙሉ ኃይል የተያዘው ማኮብኮቢያው ሊያልቅ 800 ጫማ ያህል ሲቀረው ነው፤ ያኔ ደግሞ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆን እንኳ መቆም አይቻልም ነበር። ቦርዱ የሠራተኞቹን የእንቅልፍ እጦትና ከማኮብኮቢያው ጫፍ በኋላ ያለውን መሬት ወጣ ገባነትም ጠቅሷል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከጫፉ ወዲያ 300 ሜትር ያህል የተስተካከለ መሬት እንዲኖር ይመክራል።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ የራሱ መድን አለው። በመሬት ላይ የሚጠብቀው ዕቃ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በስፋት የሚሠራባቸው የአየር ጭነት መድን ውሎች በመዘግየት የሚደርስን ኪሳራ ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ፤ ያዘገየው አደጋ ራሱ በመድኑ የተሸፈነ ቢሆን እንኳ። ብዙ ላኪ ይህችን አንቀጽ የሚያነባት ዕቃው ከተበላሸበት በኋላ ነው። አጓጓዡን መጠየቅ ቢቻልም፣ ጉዳቱን ለመከላከል የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ከመዘግየት ኃላፊነት ነፃ ይሆናል። ኃላፊ ከሆነም የሞንትሪያል ስምምነት ጣሪያ አበጅቶለታል፦ በ2018 በኪሎ 19 ኤስዲአር ነበር፤ ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ወዲህ 26 ሆኗል።