ካሴት አይጠብቅም

የልጅ ሠርግ ወይም ክርስትና በዲጂታል ካሜራ ተቀርፆ፣ ኮምፒውተር ላይ ከተቀናበረ በኋላም አያቶች ቤት የሚደርሰው በካሴት ነው፤ እነሱ ዘንድ ያለው ዴክ ነውና። በቤተሰባችን ይህን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ዘመድ ወዳጅ ደጋግሞ የሚጠይቀኝም ይህንኑ ነው፤ «ኮምፒውተሩ ላይ ደህና የነበረው ምስል ካሴት ላይ ለምን ይዘላል?» የሚዘለው የአያት ምርቃት ላይ ሲሆን ያንገበግባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ ከኮምፒውተሩ በፋየርዋየር ገመድ ወደ ካሜራው ሚኒ ዲቪ ካሴት፣ ከዚያም ወደ ዴክ ይቀዳል። በአገራችን በሚሠራበት የፓል ሥርዓት በየሰከንዱ 25 ምስል ያልፋል። ኮምፒውተሩ ለአፍታ ከዘገየ የሚዞረው ካሴት ቆሞ አይጠብቀውም፤ ያመለጠው ምስል ይቀራል።

አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ከመቸኮልዎ በፊት ችግሩን ይለዩ። በመጀመሪያ ሚኒ ዲቪውን ካሜራው ላይ ሁለቴ ያጫውቱት። የሚዘልበት ቦታ ከተለዋወጠ የካሜራው ሄድ ሳይቆሽሽ አይቀርም፤ በማጽጃ ካሴት ያጽዱት። ቦታው ያው ከሆነ፣ ፊልሙን በሌላ ካሴት ላይ እንደገና ይቅዱት።

አሁን ሌላ ቦታ ላይ ከዘለለ ኮምፒውተሩ መድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ኢንተርኔቱን፣ አንቲቫይረሱንና ስክሪን ሴቨሩን ዘግተው ይቅዱ። የአንድ ሰዓት ዲቪ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ ሃርድ ዲስኩ ጢም ብሎ አይሙላ። ከተቻለም ፊልሙ ለብቻው በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

እዚያው ቦታ ላይ ከዘለለ ግን ችግሩ ቅንብሩ ውስጥ ነው። ጽሑፍ ወይም ማሸጋገሪያ የገባበት ክፍል ሬንደር መደረጉን ይመልከቱ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ምስል ገብቶበት እንደሆነም ይጠይቁ፤ እዚያ ይሠራበት የነበረው ኤንቲኤስሲ በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ስላለው፣ ሳይለወጥ ከእኛው ጋር ሲደባለቅ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል።

ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ቅጂውን ከዳር እስከ ዳር ሳታዩ በዋናው ካሴት ላይ ሌላ ነገር አትቅረፁ። ሚኒ ዲቪ ካሴት ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ «ሴቭ» ማንሸራተት ይበቃል። የዘለለ ቅጂ እንደገና ይቀዳል፤ የእማማን ምርቃት ግን የያዘው ያ ዋናው ካሴት ብቻ ነው።