አውሎ ነፋስን ማን ይመራዋል?

በበጋ ወራት በሜዳ ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚሄደውን ትንሽ ነፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በውቅያኖስ ላይ ስለሚነሣው፣ ሀሪኬን ስለሚባለው ትልቅ አውሎ ነፋስ ነው።

ሀሪኬን ምንድን ነው?

ሀሪኬን የሚወለደው በሞቀ የባሕር ውኃ ላይ ነው። ከባሕሩ የሚነሣው እንፋሎት ኃይል ይሰጠዋል። እየተሽከረከረ የሚነፍሰው ነፋስ ፍጥነቱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሀሪኬን ይባላል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከሚነሡት ብዙዎቹ መነሻቸው ከአፍሪካ ምድር ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው።

መንገዱን የሚመራው ምንድን ነው?

ጎርፍ የወሰደውን ግንድ አስቡ። ግንዱ የሚሄደው ውኃው ወደ ወሰደው ነው። ሀሪኬንም እንዲሁ ነው። በዙሪያው ያለው ሰፊ ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

አየር ክብደት አለው። አየር የከበደበት ስፍራ እንደ ኮረብታ ነው። ሀሪኬኑ ዳር ዳሩን ይዞራል እንጂ በመሀሉ አያልፍም። አየር የቀለለበት ስፍራ ደግሞ እንደ ሸለቆ ነው፤ ወደ ራሱ ይስበዋል። በአትላንቲክ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ የአየር ኮረብታ አለ። ሀሪኬኑ በዚህ ኮረብታ ደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል።

ሳንዲ ምን አደረገ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012፣ በኦክቶበር ወር፣ ሳንዲ የተባለው ሀሪኬን ከጃማይካ በስተደቡብ ተነሣ። ጃማይካንና ኩባን መትቶ ወደ ሰሜን ወጣ። እንደ ልማዱ ቢሆን ወደ ባሕሩ መሀል በሄደ ነበር። ነገር ግን በግሪንላንድ በኩል ከባድ አየር መንገዱን ዘጋበት። ከአሜሪካ ምድር ደግሞ የአየር ሸለቆ መጥቶ ሳበው። ወደ ግራ ታጠፈና ኦክቶበር 29 የኒው ጀርሲን ጠረፍ መታ። ባሕሩ ተነሥቶ የኒው ዮርክን መንገዶች አጥለቀለቀ። ሳንዲ በደረሰበት አገር ሁሉ በጠቅላላው ቢያንስ 147 ሰዎችን በቀጥታ ገደለ።

ትንበያው ለምን ይከብዳል?

ባለሙያዎች በፊኛ፣ በአውሮፕላንና በሳተላይት አየሩን ይለካሉ፤ ሒሳቡንም በኮምፒዩተር ይሠራሉ። ስለ ሳንዲ የአውሮፓ ኮምፒዩተር መታጠፉን አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ አሳየ። የአሜሪካው ግን ለጥቂት ቀናት ወደ ባሕር ይሄዳል እያለ ቆየ፤ በኋላ ነው የተስማማው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በተራራ ጫፍ ላይ ከሚወርደው ዝናብ አንዱ ጠብታ ወደዚህ ወንዝ፣ ጎኑ ያለው ወደዚያ ወንዝ ይፈሳል። የሁለቱ ልዩነት መጀመሪያ ላይ አንድ ስንዝር አይሞላም። ሀሪኬንም በኮረብታውና በሸለቆው መካከል ሲደርስ እንዲሁ ነው። ሸለቆው ትንሽ ቢዘገይ መንገዱ ሌላ ይሆናል። በመለካት ላይ ያለች ትንሽ ስሕተትም በየቀኑ እያደገች ትሄዳለች።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ በካርታ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ አይሥሉም። ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ፣ መለከት የሚመስል ምልክት ያደርጋሉ። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል የሀሪኬኑ መሀል በዚያ ውስጥ ያልፋል፤ በቀረው ጊዜ ይወጣል። ዝናቡና ነፋሱማ ከምልክቱ ውጭ ያለውንም ሰው ይደርሱበታል።

እንግዲህ ትንበያ ተለወጠ ማለት ባለሙያው ዋሸ ማለት አይደለም። አየሩ አዲስ ነገር አሳየው ማለት ነው። በጠረፍ የሚኖር ሰው ማስጠንቀቂያውን በየቀኑ ይሰማል፤ ውጡ ሲባል ይወጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!