ሳትያጂት ራይ

ሳትያጂት ራይ (ሜይ 2 ቀን 1921 – ኤፕሪል 23 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.) በአብዛኛው በቤንጋሊ ቋንቋ የሠራ ሕንዳዊ የፊልም ዳይሬክተር፣ ደራሲና ሠዓሊ ነበር። የፊልም ትምህርት ቤት አልገባም፤ በሌላ ዳይሬክተር ሥር በረዳትነትም አልሠራም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በካልካታ (በአሁኗ ኮልካታ) ነው። አባቱ ሱኩማር ራይ ታዋቂ የልጆች ደራሲ ሲሆን፣ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሳትያጂት ኢኮኖሚክስ ካጠና በኋላ በሻንቲኒኬታን ሥዕል ተማረ። በ1943 በአንድ የእንግሊዝ ማስታወቂያ ድርጅት በወር 80 ሩፒ ተቀጠረ፤ ጎን ለጎንም የመጻሕፍት ሽፋን ይሠራ ነበር። «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለው የቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ ልብ ወለድ ለልጆች አጥሮ ሲታተም ሥዕሎቹን የሠራው እሱ ነው። የመጀመሪያ ፊልሙ መነሻም ይኸው መጽሐፍ ሆነ።

ሙያውን የተማረው በማየትና በመጻፍ ነበር። አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሊቀየር ነው ሲባል አስቀድሞ የራሱን የፊልም ጽሑፍ ያዘጋጅና ፊልሙ ሲወጣ ያነጻጽራል። በ1947 ከጓደኞቹ ጋር የካልካታ ፊልም ማኅበርን መሠረተ። በ1949 ፈረንሳዊው ዣን ሬኗር ለፊልም ሥራ ወደ ቤንጋል ሲመጣ ቀረጻ የሚደረግባቸውን ቦታዎች በመፈለግ ረዳው። በ1950 መሥሪያ ቤቱ ወደ ለንደን ላከው፤ እዚያ በቆየባቸው ወራት መቶ ያህል ፊልሞችን ተመለከተ። ከሁሉ የነካው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው፤ በእውነተኛ ቦታና ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን ፊልም መሥራት እንደሚቻል አሳየው።

የ«ፓተር ፓንቻሊ» ቀረጻ በኦክቶበር 1952 ተጀመረ። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም። ራይም የተሟላ የፊልም ጽሑፍ አልነበረውም፤ በእጁ የነበሩት ሥዕሎችና ማስታወሻዎች ናቸው። ሥራውን ስላልለቀቀ የሚቀርጸው በዕረፍት ቀናት ነበር። የመጀመሪያውን ትዕይንት ነጭ አበባ ባወጣ ረጅም ሣር መካከል ጀምሮ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ አበባውን ከብት በልቶታል፤ ስለዚህ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። ገንዘብ ሲያልቅ የባለቤቱ ጌጣጌጥ በመያዣ ተሰጠ፤ ሥራው ለወራት የተቋረጠበትም ጊዜ አለ። በዚህ መካከል የልጁ ተዋናይ ድምፅ ቢጎረንን ወይም አሮጊቷ ተዋናይት ቹኒባላ ዴቪ ብትሞት ፊልሙ በዚያው በቀረ ነበር። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ወጪውን ሸፈነ፤ ርእሱ «የመንገድ መዝሙር» እንደማለት ስለሆነ ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ለመንገድ ሥራ ተብሎ መያዙ ይነገራል። ፊልሙ በ1955 መጀመሪያ በኒው ዮርክ፣ ቀጥሎም በካልካታ ታየ። በ1956 በካን ፌስቲቫል ተሸለመ።

ተከታዩ «አፓራጂቶ» በ1957 የቬኒስን የወርቅ አንበሳ አገኘ፤ «አፑር ሳንሳር» በ1959 ሦስቱን ክፍል አጠናቀቀ። ከ1961 ጀምሮ ሙዚቃውን ራሱ ይቀምር ነበር፤ ቆየት ብሎም ካሜራውን ራሱ ያዘ። ማስታወቂያ ፖስተሮቹንም የሚሥለው እሱ ነው። ከፊልም ሌላ ፌሉዳ የተባለውን መርማሪ የፈጠረባቸው የልጆች ታሪኮች በቤንጋል እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ከፊልሞቹ ራሱ ስሕተቱ ከሁሉ ያነሰ ነው ያለው በ1964 የወጣውን «ቻሩላታ» ነው።

በ1992 የክብር ኦስካር ሲሰጠው ካልካታ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር የምስጋና ንግግሩን በቪዲዮ አስተላለፈ። በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት ከፍተኛውን የሲቪል ሽልማት ባራት ራትናን ሰጠው።