ወርቅ ቅቡ ማርትሬዛ

መርሳ ያለችው አክስቴ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ጠገራ ብር ቢጫ ነው። ማርትሬዛ ነጭ መሆኑን ሐብሩ ወረዳ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ «ነሐስ ነው፣ ወርቅ ቀብተው ነው» ሲሏት ኖረዋል። የእናቷ ስጦታ ነውና ነገሩ ያንገበግባታል። አብረን ወልድያ አንጥረኛ ዘንድ ሄድን።

«እማማ፣ መሞረድ አያስፈልገውም» አላትና ሳንቲሙን ከክፈፉ አውጥቶ በአጉሊ መነጽር አየው። ልብስ ሲፈትገው የኖረው፣ በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ጉንጭና የንስሩ ክንፍ ላይ ወርቁ አልቋል፤ ከሥሩ ብቅ ያለው ነጭ ነው።

ይህ ብቻ አልበቃውም፤ ነሐስም አስቀድሞ በብር ሊለበጥ ይችላል። መዘነው፤ 28.02 ግራም። ያልተበላ ማርትሬዛ 28.07 ገደማ ነው። ክብደትን ግን አወፍሮ ማስመሰል ይቻላል። ስለዚህ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ዜሮ አደረገና ሳንቲሙን በክር አንጠልጥሎ፣ ታች ሳያስነካ አጠለቀው። ሚዛኑ 2.75 አለ፤ ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። 28.02 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ገደማ ይመጣል። ነሐስ ቢሆን 8.5 አካባቢ በሆነ ነበር። ማርትሬዛ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ የዚህ ቅይጥ እፍጋት ደግሞ 10.2 ነው። እኔን ያሳመነኝ ይህ ፈተና ነው፤ ስስ ቅብ ዓይንን ያታልላል፣ ውሃን አያታልልም።

ጠርዙንም አየን። «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይዞራል፤ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ይህን ጥራት እምብዛም አያገኝም።

ስለዚህ ቅብ ነው፤ እውነተኛም ነው። የአክሱም ሳንቲም ሠሪዎችም ብርና ነሐስ ገንዘባቸው ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ወርቁ የነገሥታቱ የራሳቸው ሥራ እንጂ የአጭበርባሪ አልነበረም። የአክስቴንም ሳንቲም የቀባው ሰው ጌጥ እንጂ ማታለል እንዳልፈለገ አምናለሁ፤ በወርቅ ስም ሊሸጠው ቢያስብ፣ ሁሉ ሰው ብር መሆኑን የሚያውቀውን የንግሥቲቱን ምስል ባልመረጠ ነበር።

ዕድሜው ቀረ። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ከ1936 ጀምሮ በለንደን የተመቱትም ይህንኑ ቁጥር ይዘዋል። የሚለያዩት በደረት ጌጧ ዕንቁዎችና በንስሩ የጭራ ላባዎች ነው። አንጥረኛው ላባዎቹን መቁጠር ሲጀምር አክስቴ አልቆየችለትም፤ የመርሳ መኪና እንዳያመልጣት ክፈፉን አስገጥማ «ብር ነው በላቸው» አለችኝ።